በአንድ ስም የወጣ አልበም፦ የሎሪን ሂል ጉዳይ

መነሻ

ስለ አሜሪካዊቷ ራፐርና ዘፋኝ ሎሪን ሂል ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። አንዱ «ለምን ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም አላወጣችም?» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ በ1998 ስለወጣው «ዘ ሚስኤዱኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል» ስለተባለው አልበም «ያንን አልበም በእርግጥ የሠራችው እሷ ናት?» የሚለው ነው። እዚህ የምመዘግበው የሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ ነው። ፍርድ ቤት ሄዷል። ገንዘብ ተከፍሎበታል። መልስ ግን አላገኘም። ከ20 ዓመት በኋላም እንደገና ተነስቷል።

ጉዳዩን ለመጻፍ የፈለግኩት በሙዚቃ ሥራ ላይ አብረው የሚገቡ ጓደኛሞችን ሁሌም የሚገጥም ነገር ስለሆነ ነው። ዝነኛ ስለሆነች ዝርዝሩ ወደ አደባባይ ወጣ እንጂ፣ ነገሩ ስም በሌላቸው ትንንሽ ስቱዲዮዎችም በየቀኑ ይከሰታል።

የእሷን ስም የምጠራው ጉዳዩ ያለ ስሟ ስለማይነገር ነው። አብረዋት የሠሩትን፣ የከሰሷትንና በኋላ የተቿትን ሰዎች ግን በስም አልጠራም፤ ለትምህርቱ አያስፈልግም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳራ

ሎሪን ሂል በ1975 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደች። ያደገችው ሳውዝ ኦሬንጅ በሚባል ከተማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከሁለት የሄይቲ ቤተሰብ ልጆች ጋር ተገናኝታ ቡድን መሠረቱ። ቡድኑ በኋላ «ፉጂስ» ተባለ። በመካከሉ ፊልም ላይም ተውናለች፤ በ1993 በወጣው «ሲስተር አክት 2» ላይ ስትታይ ገና 18 ዓመቷ ነበር።

የፉጂስ የመጀመሪያ አልበም በ1994 ወጥቶ ብዙም ጆሮ አላገኘም። ሁለተኛው «ዘ ስኮር» በየካቲት 1996 ሲወጣ ግን ዓለምን አዳረሰ። በ1997 ሁለት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ሎሪን በዚያ አልበም ላይ ራፕም ታደርጋለች፣ ታዜማለችም። ሁለቱን በአንድ ደረጃ የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። ሴት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቡድኑ ተበተነ። ስለ መበተኑ ብዙ የግል ወሬ ተጽፏል፤ ለዚህ ጉዳይ ስለማይጠቅም አልፈዋለሁ። የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው። አንዲት ሴት ከሁለት ወንዶች ጋር ስትሠራ ቆይታ ብቻዋን ስትወጣ፣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሙዚቃውን አሁን ማን ይሠራላታል?» ነው። ወንድ ቢሆን ይህ ጥያቄ በዚህ ፍጥነት አይነሳም። በሂፕ ሆፕ ዓለም ሴት ራፐር ከተነሳች ከጀርባዋ ግጥም የሚጽፍላት ወንድ ይፈለጋል። ሎሪን ይህን ሳታውቅ ወደ ሥራ ገባች ማለት አይቻልም። አልበሙ የእሷ እንዲሆን፣ ከግጥሙ እስከ ድምፅ ቅንብሩ በእጇ እንዲያልፍ የፈለገችው በዚህ አየር ውስጥ ሆና ነው። እኔ ፍላጎቷ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ያንን ፍላጎት የሚጠብቅ ሥርዓት ግን ቀድሞ አልተዘረጋም።

ሥራው የተጀመረው በ1997 መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። በአልበሙ ላይ ካሉት ዘፈኖች አንዱ ስለዚሁ ልጅ ነው፤ በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች ሥራሽን አስቀድሚ ሲሏት ልጇን መምረጧን ትናገርበታለች። ቀረጻው በኒው ዮርክ ስቱዲዮዎችና በጃማይካ፣ ኪንግስተን በሚገኘው በቦብ ማርሊ ተፍ ጎንግ ስቱዲዮ ተካሄደ። በጊዜው ብዙ የሂፕ ሆፕ ሥራ በማሽንና ከቆየ ዘፈን ተቆርጦ በተወሰደ ድምፅ ይሠራ ነበር። እሷ ግን የእውነት ከበሮ፣ ጊታር፣ ፒያኖና የትንፋሽ መሣሪያ እንዲገባ ፈለገች። ለዚህ ሙዚቀኞች ያስፈልጓት ነበር። ከኒው ጀርሲ የተገኙ አራት ወጣቶች ቡድን ሆነው አብረዋት ገቡ። ጉዳዩ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

አልበሙ «ዘ ሚስኤዱኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል» ተብሎ ነሐሴ 25 ቀን 1998 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ422 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። በየካቲት 1999 በተካሄደው ግራሚ በ10 ዘርፍ ታጭታ 5 ወሰደች። የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚለውን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ አልበም የእሷ ሆነ። ዕድሜዋ 23 ነበር።

ችግሩ

በአልበሙ ላይ የሰፈረው ዋናው ቃል ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም፣ ፕሮዳክሽኑም (የሙዚቃውን አሠራር መምራቱም) የሎሪን ሂል ነው የሚል ነበር። የሌሎች ሰዎች ስም ጨርሶ አልጠፋም። ሙዚቀኞቹ በየቦታው ተጠቅሰዋል። ጥያቄው በምን ማዕረግ ተጠቀሱ የሚለው ነው።

በኅዳር 1998፣ አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ አራቱ ወጣቶች በኒው ጀርሲ የፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። የአንዳንዶቹ ዘፈኖች ዋና ደራሲዎች እኛ ነን፣ በሌሎች ብዙ ዘፈኖችም ትልቅ ድርሻ አለን አሉ። የደራሲነትና የፕሮዲውሰርነት ስም እንዲሁም ገንዘብ ጠየቁ። የእሷ ወገን መልስ አጭር ነበር። ሰዎቹ ለሠሩት ሥራ ተገቢው ስም ተሰጥቷቸዋል፤ አሁን የመጡት ዝናዋን ተገን አድርገው ለመጠቀም ነው የሚል ነበር።

ነገሩን ከባድ ያደረገው በሁለቱ መካከል ድርሻን የሚለይ የጠራ ወረቀት አለመኖሩ ነው። በኋላ በወጡ ዘገባዎች እንደተነገረው፣ አብረዋት የሚሠሩትን ቀድማ እንድታስፈርም ተመክራ ነበር። እሷ ግን እርስ በርስ እንዋደዳለን፣ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም በሚል መንፈስ ምክሩን እንዳልተቀበለች ተጽፏል።

ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ማን ምን እንደሠራ ጠይቆ ማወቅ ምን ያቅታል?» ሊል ይችላል። ያቅታል። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን እንዴት እንደሚወለድ ያየ ሰው ይገባዋል። አንዱ ቤዝ ጊታር ይዞ ሲነካካ አንድ ጥሩ ሐረግ ትወጣለች። ሌላው ፒያኖ ላይ ኮርድ ይጨምርባታል። ዘፋኟ «እሷን ድገማት፣ እዚህ ጋ ቀንስ» ትላለች። ከዚያ ግጥም ይገባል። አንዱ አንድ ስንኝ ያቀብላል፤ ስንኙ ይለወጥና ሌላ ይሆናል። በማግስቱ የሠሩት ግማሹ ይጣላል። ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን አስተዋፅኦ ያስታውሳል፤ የሌላውን ግን በትንሹ ያስታውሳል። ማንም አልዋሸም፤ የሰው ትዝታ እንዲህ ነው የሚሠራው።

በዚህ ላይ ሕጉ አለ። በ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሥራቸው አንድ ሆኖ እንዲዋሃድ አስበው ከሠሩ ሥራው የጋራ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ የጋራ ደራሲዎች እኩል ባለቤት ናቸው። አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት ቢሠራም እኩልነቱ አይቀርም። በሌላ በኩል ፍርድ ቤቶች የጋራ ደራሲ ለመባል ሐሳብ ማቀበል ብቻ አይበቃም ይላሉ። ራሱን ችሎ የሚጠበቅ ፈጠራ ማምጣትንና ሁለቱም ወገኖች አብረን ደራሲ ነን ብለው ማሰባቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወረቀት በሌለበት ክርክሩ ሁሉን የሚያሳጣ ወይም ከተገባው በላይ የሚሰጥ ይሆናል። መካከለኛ ውጤት ለማግኘት አስቀድሞ መስማማት ብቻ ነው መንገዱ።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ1998 በአሜሪካ ሕግ የተቀመጠው ተመን አንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ ለደራሲው 7.1 ሳንቲም እንዲከፈል ነበር። ትንሽ ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ ግን ለአንድ ዘፈን 71 ሺህ ዶላር ነው። ብዙ የሪከርድ ኩባንያ ውሎች ይህን ተመን ይቀንሱታል፤ ቢቀነስም በብዙ ሚሊዮን በተሸጠ አልበም ላይ የአንድ ዘፈን ግማሽ ድርሻ የአንድን ወጣት ሙዚቀኛ ኑሮ ይለውጣል። ለቀረጻ ቀን የሚከፈለው ክፍያ ግን አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ደራሲ መባልና መሣሪያ ተጫዋች መባል በገንዘብ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ክሱ በተደጋጋሚ ተጓተተ። የምስክርነት ቃል መሰጠት የጀመረው በ2000 መገባደጃ ላይ ነው። በአልበሙ ላይ የሠራ አንድ የድምፅ መሐንዲስ አልበሙ የእሷ ራዕይ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ይህ የእሷን ወገን የሚደግፍ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ራዕይ ማለት ድርሰት ማለት አይደለም። አንድ ሰው ሙሉውን ሥራ በጭንቅላቱ ይዞ ሲመራ፣ ሌላው በእጁ የሚጠበቅ ዜማ ሊፈጥር ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በሕዝቡ ዘንድ ሲወራ ግን ወይ እሷ ወይ እነሱ ተባለ።

በየካቲት 2001 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ክፍያው 5 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር በብዙኃን መገናኛ ተዘግቧል። ዳኛ «ይህ ዘፈን የእገሌ ነው» ብሎ አልወሰነም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ስምምነቱ የሠራው ክሱን በመዝጋት ነው። አራቱ ወጣቶች ክፍያ አገኙ። እሷም ዘፈን በዘፈን እየተበለተ የሚሄድ ክርክርና ፍርድ ቀረላት። ሁለቱም ወገኖች ከተጨማሪ የጠበቃ ወጪና ከዓመታት ክርክር ዳኑ። በዚህ በኩል ጥሩ ውሳኔ ነበር።

ጥርጣሬውን ግን አላጠፋም። እንዲያውም አባባሰው ብል ማጋነን አይሆንም። ክፍያው ሲሰማ ግማሹ «ጥፋት ባይኖርባት አትከፍልም ነበር» አለ። ግማሹ «ለመገላገል ነው የከፈለችው» አለ። ሁለቱም ግምት ነው። አዋቂ የሆነ አንድ ወገን ተነስቶ «የዘፈኑ ሙዚቃ እንዲህ ተሠራ፣ ግጥሙ እንዲህ» ስላላለ ቦታውን ወሬ ያዘው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አልበሙ በአንድ ስም የወጣው «ከጀርባዋ ወንድ አለ» የሚለውን ሐሜት ለመዝጋት ከሆነ፣ ክሱ ያንኑ ሐሜት በሰነድ አስደግፎ መልሶ አመጣው። ለአራቱ ወጣቶች በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የተለየ ድርሻ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የእሷ ደራሲነት በቀሩት ላይ ማንም የማይነካው ይሆን ነበር። ግጥሞቹን ያየ ሰው የአንዲት ወጣት እናት፣ በፍቅር መለያየትና በእምነት ሕይወት ውስጥ ያለፈች ሴት ድምፅ መሆናቸውን አይስትም። እሷ በ1996ቱ አልበም ላይ ያሳየችውን ችሎታም ዓለም ሰምቶታል። ስሟ በሌላ ሰው ስም አጠገብ ቢጻፍ የሚቀንስ ስም አልነበረም።

ከስምምነቱ በኋላ በነበሩት ወራት፣ በሐምሌ 2001፣ በኤምቲቪ የቴሌቪዥን ጣቢያ መድረክ ላይ ጊታር ይዛ ብቻዋን ቀረበች። ቀረጻው በግንቦት 2002 አልበም ሆኖ ወጣ። አዳዲስ ዘፈኖች ነበሩበት፤ ከበሮ የለም፣ ቡድን የለም። ተቺዎች ለሁለት ተከፈሉ። እንዲህ ያደረገችው በክሱ ምክንያት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አልልም። ሁለተኛ ብቸኛ የስቱዲዮ አልበም ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

የግብር ጉዳይ ሌላ ነገር ነው፤ ከክሱ ጋር አላያይዘውም። ግን በሕይወቷ ታሪክ ውስጥ መዝለል አይቻልም። በ2012 ከ2005 እስከ 2007 ለነበሩት ዓመታት 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ላይ የግብር ማስታወቂያ ባለማቅረብ ጥፋተኛ መሆኗን አመነች። በግንቦት 2013 ሦስት ወር እስራት ተፈረደባት፤ ኮነቲከት በሚገኝ የፌደራል ማረሚያ ቤት ቆይታ በጥቅምት 2013 ወጣች። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቧን ለመጠበቅ ከሕዝብ ፊት ራቅ ብላ እንደነበር ጽፋለች።

አልበሙ ግን እየተከበረ ሄደ። በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታው ሊጠበቁ የሚገባቸው የድምፅ ቅጂዎች ብሎ ከመዘገባቸው መካከል ገባ። በ2021 በአሜሪካ የ10 ሚሊዮን ቅጂ ሽያጭ ማረጋገጫ አገኘ፤ ከሴት ራፐሮች አልበሞች የመጀመሪያው ነው። በ2024 አፕል ሙዚክ ባወጣው የምርጥ 100 አልበሞች ዝርዝር አንደኛ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ2018 አንድ ታዋቂ ፒያኖ ተጫዋች በሬዲዮ ቃለ ምልልስ አልበሙ የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው የሚል ወቀሳ ሰነዘረ። ሎሪን በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም። ረጅም ጽሑፍ አወጣች። የፈጠራ ሥራዋ ነዳፊ ራሷ እንደሆነችና ጥሩ ሙዚቀኞችን መቅጠሯ ደራሲነቷን እንደማይነጥቃት አስረዳች። አንድ ነገርም ጨመረች፤ ይህ ክፍል ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። በዚያን ጊዜ ከፉጂስ ውጭ ካሉ ሙዚቀኞች ጋር ስትሠራ የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ሰዎቹ እንዲመቻቸው ብላ አስፈላጊውን ድንበር ሳታሰምር እንደቀረች ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው በር ከመግባቱ በፊት ከእሱ ምን እንደምትፈልግና ምን እንደማትፈልግ ግልጽ እንደምታደርግ ተናገረች።

ይህ ማብራሪያ ሠርቷል ባይ ነኝ። ሁሉንም አላሳመነም፤ ግን ነገሩ ከሐሜት ወጥቶ የአሠራር ጥያቄ ሆነ። በ1998 ወይም በ2001 ተጽፎ ቢሆን ምን ያህል ጉልበት በኖረው።

ለሌላ ሥራ የሚተርፉ ትምህርቶች

የድርሻ ወረቀት ዘፈኑ በተሠራበት ቀን ይፈረም። ረጅም መሆን የለበትም። የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች፣ ማን ግጥም፣ ማን ዜማ፣ ማን ቢት (የሙዚቃውን ምት) እንዳመጣ፣ ድርሻው በመቶኛ፣ ፊርማ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ከተለወጠ ሌላ ወረቀት ይጻፋል። አልበሙ ከወጣና ከተወደደ በኋላ ይህን ወረቀት መፈረም አይቻልም፤ የእያንዳንዱ መቶኛ ዋጋ ስለሚታወቅ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ሰው ልቡ ንጹሕ የሚሆነው ዘፈኑ ገና ምንም ሳያወጣ ነው።

ክፍያ ከፍያለሁ ማለት መብቱን ገዝቻለሁ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የፈጠረው ነገር ወደ ከፋዩ እንዲተላለፍ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። የቀን አበል ሰጥቶ ማሰናበት ሁሉን የጨረሰ የሚመስላቸው አዘጋጆች ብዙ ናቸው። የሚያስቡት ተጫዋች ብቻ እንዲሆን ከሆነ፣ ያንኑ በወረቀት ይናገሩ፤ ሰውየውም ዜማ ማዋጣት ሲጀምር «ቆይ፣ ይህ ሌላ ሥራ ነው» ለማለት ይችላል።

ውሉ የሚጠቅመው ደካማውን ብቻ ነው የሚል እምነት አለ። ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። አራቱ ወጣቶች መጨረሻ ላይ ገንዘብ አገኙ። ለዓመታት «በእርግጥ የእሷ ነው?» ስትባል የኖረችው ባለ ስሟ ናት። ሥራው በእርግጥ የእኔ ነው የሚል ሰው ከማንም በላይ ወረቀት ያስፈልገዋል።

ረቂቅ አይጣል። የግጥም ደብተር፣ በስልክ የተቀዳ ማንጎራጎር፣ የስቱዲዮው የየቀኑ ቅጂ ሁሉ ከነቀኑ ይቀመጥ። በክርክር ጊዜ ከአስር ምስክር ይልቅ አንድ ቀን የተጻፈበት ቅጂ ይናገራል። ይህ በተለይ ለሴት ራፐሮች ይመከራል፤ «ማን ጻፈልሽ?» የሚለው ጥያቄ እነሱ ዘንድ ቶሎ ስለሚመጣ። ጥያቄው ፍትሐዊ አይደለም። ማስረጃው ግን እጅ ላይ ይኑር።

በስምምነት የሚዘጋ ክስ ካለ፣ ሁለቱም የተስማሙበት አጭር መግለጫ አብሮ ይውጣ። የገንዘቡን መጠን መደበቅ ይቻላል። «በእነዚህ ዘፈኖች ላይ እነዚህ ሰዎች ይህን አዋጥተዋል፣ የቀረው የእገሊት ነው» የሚል ሁለት መስመር ግን ለሁለቱም ስም መድኃኒት ነው።

ወጣት ሙዚቀኞችም የራሳቸው ሥራ አለባቸው። ከትልቅ ስም ጋር ለመሥራት ሲጠሩ ደስታው ያፈዛል፤ ጥያቄ ማንሳት ብልግና ይመስላል። አይደለም። «የመጣሁት ለመጫወት ነው ወይስ ለድርሰት?» ብሎ በመጀመሪያው ቀን በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። መልሱ «ለመጫወት ነው» ከሆነ ክፍያውን አይቶ መግባት ወይም መተው የራስ ምርጫ ነው። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ግን መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ይጠየቅ።